የመሐንዲስ የሥራ ቦታ ምርጫ፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ እስከ ተከዜ

መግቢያ

የምህንድስና ሥራ የሚጀምረው በቦታ ምርጫ ነው። ድልድይ ሊሠራ የተነሣ ባለሙያ ወንዙ የሚጠብበትን፣ አለቱ የሚቀርብበትን፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከአልጋው የማይወጣበትን ስፍራ ይፈልጋል። ግድብ የሚያቅደውም ሸለቆውን ከላይ እስከ ታች ሳይመለከት አንዲት ጉድጓድ አያስቆፍርም። ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ በመጽሐፍም በሚገባ የተጻፈ ዕውቀት ነው። መሐንዲሱ ራሱ የት ሄዶ ይሥራ የሚለው ጥያቄ ግን በማንኛውም የምህንድስና መጽሐፍ ውስጥ ምዕራፍ አልተሰጠውም። ከሁለት የተለያዩ አካባቢዎች ሁለት የሥራ ደብዳቤ የደረሰው ወጣት መሐንዲስ ሚዛኑን የሚያገኘው ከዘመድ ምክር፣ ከደመወዙ ልክና ከወሬ ነው።

ጥያቄው የግል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ መጽሔት ርእስ ባልሆነ ነበር። ነገር ግን የአንድ አገር መሐንዲሶች በየዘመኑ የት ለመሥራት እንደ መረጡ ወይም የት እንደ ተመደቡ መመርመር፣ መንገዱ የት ደርሶ የት እንደ ቆመ፣ ውሃውም የት ተገድቦ የት አፈር ይዞ እንደ ነጎደ መመርመር ማለት ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ራብ በገባ ጊዜ ከደሴ አውራ ጎዳና ርቀው የሚኖሩ ብዙ ችግረኞች እህል ለማግኘት ወደ ጎዳናው ዳር በእግር መውረድ ግድ ሆኖባቸው ነበር። መንገድ ያልደረሰበት ደጋ መሐንዲስ ያልደረሰበት ደጋ ነውና፣ የሥራ ቦታ ምርጫ ከአንድ ሰው ኑሮ አልፎ የብዙዎችን ሕይወት የሚነካ ነገር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ይህን ታሪክ ለመመልከት ከላስታ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ላስታ ከ800 ዓመታት በፊት በግንባታና በፍልፈላ ሥራ ከዓለም ፊት የቆመ አገር ሲሆን፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ መንገድም መብራትም ዘግይቶ የደረሰው አገር ሆኖ ነበር። ደግሞም ከዚሁ ደጋ የሚነሣው የተከዜ ወንዝ ለዘመናችን መሐንዲስ ሁለት የተለያዩ የሥራ ደብዳቤዎችን ይዞለት መጥቷል። በቅድሚያ ግን ከጥንቱ ሥራ እንጀምር።

በወግረ ስሒን ዋሻ

ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ሲሆኑ፣ ካህንም ንጉሥም እንደ ነበሩ ትውፊት ይነግራል። በስማቸው የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ ወግረ ስሒን በተባለው ስፍራ በሰፊ የተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ይገኛል። ተመራማሪዎች ሥራውን ከ11ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ እስከ 12ኛው ምእት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመድቡታል። በ16ኛው ምእት ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ዋሻና በውስጡ ስላለው ቤተ ክርስቲያን ጽፏልና፣ ዝናው ከአገር ውጭ ከተሰማ 500 ዓመት ሊሞላው ነው።

ሕንፃው እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈለ ሳይሆን ከመሠረቱ ጀምሮ የተገነባ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ አግዳሚ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ ልስን የተሸፈነ ድንጋይ እየተፈራረቀ የቆመ በመሆኑ፣ ከሩቅ ለሚያየው ጥቁርና ነጭ መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ይህ የአሠራር ስልት በላስታ የተፈለሰፈ አይደለም። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ይሠሩበት የነበረና በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የሚታይ ጥበብ ነው። ምክንያቱም ለባለሙያ ግልጽ ነው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲሳብ ወይም መሬቱ ከሥሩ እኩል ሳይሆን ሲሰጥም ግን ይሰነጠቃል። በየረድፉ የገባው እንጨት ግንቡን ዙሪያውን እያሰረ ጭነቱን ያከፋፍላል፤ አንዱ ማዕዘን ቢሰጥም ሌላው እንዲደግፈው ያደርጋል። ዛሬ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ግድግዳ ላይ በየደረጃው ከሚጣለው የብረትና የኮንክሪት ማሰሪያ ጋር ተግባሩ አንድ ነው።

አሁን የቦታውን ምርጫ እንመልከት። ትውፊቱ ስፍራው በመለኮት ፈቃድ እንደ ተገለጠ ያስረዳል፤ ይህም ለሃይማኖት ሊቃውንት የሚተው ነው። በመሐንዲስ ዐይን የታየ እንደ ሆነ ግን ዋሻው ትልቅ ጥቅምና ትልቅ ችግር በአንድነት የያዘ ስፍራ ነው። ጥቅሙ ጣራነቱ ነው። ክረምቱ በሚከብድበት በላስታ ደጋ እንጨትን የሚያበሰብሰው፣ ልስንንም የሚያረግፈው ዝናብ ነው። ዋሻው ዝናቡን ስለሚከለክል የግድግዳው እንጨት፣ የነጩ ልስንና በውስጥ በኩል ጣራውን የሸፈነው በቅርጽ ያጌጠ የእንጨት ሥራ ከ800 ዓመት በላይ ሊቆዩ ችለዋል። ችግሩ ደግሞ መሬቱ ነው። ከወለሉ በታች ረግረግ ወይም ባሕር እንዳለ፣ ሕንፃውም በላዩ በተነጠፈ እንጨት ላይ እንደ ቆመ የአገሩ ሰዎች ይናገራሉ። ሌላው ችግር ማጓጓዝ ነው። የሥራውን እንጨትና ድንጋይ ሁሉ ሽቅብ ወደ ዋሻው አፍ በሰውና በከብት ማድረስ ያስፈልግ ነበር። የሠሩት ሰዎች ችግሩን ዐውቀው ገቡበት እንጂ ከችግሩ የጸዳ ስፍራ አልፈለጉም። ለመሬቱ ልል መሆን ተስማሚ የሆነውን፣ እንጨትና ድንጋይ የተሳሰረበትን ስልት ከሰሜን አመጡለት፤ ለስልቱ ጠላት ለሆነው ዝናብ ደግሞ ዋሻውን ጋሻ አደረጉለት።

የእነዚህ ግንበኞች ስም አልተመዘገበም። ከአክሱም አካባቢ ተጠርተው ይምጡ ወይም ጥበቡን ከአባቶቻቸው የተማሩ የላስታ ሰዎች ይሁኑ፣ አንድ ነገር ግን ከሥራቸው ይነበባል። ዕውቀት ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ ሲሄድ እንዳለ አይተከልም፤ ከአዲሱ ስፍራ ጋር መዋዋል አለበት።

በአንድ አገር ሁለት መንገድ

ከይምርሐነ ክርስቶስ በኋላ፣ በ12ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ፣ በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚታወቁት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ታላቅ ሥራ ተካሄደ። በዚህ ጊዜ በላስታ ውስጥ ሁለት የሥራ ስልቶች ጎን ለጎን ታይተዋል። የመጀመሪያው መገንባት ሲሆን ሁለተኛው መፈልፈል ነው። የሚገነባ ሰው ማቴሪያሉን ወደ ስፍራው ያመጣል፤ የተሳሳተውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ማስገባት ይችላል። የሚፈለፍል ሰው ማቴሪያል አያመጣም፤ ከስፍራው ያልተፈለገውን አውጥቶ ይጥላል እንጂ። አንድ ጊዜ በስሕተት የተጠረበ ዐምድ ግን ተመልሶ አይሞላም። የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለመጥረቢያ የሚመች መሆኑ ምርጫውን አቅልሎታል።

ይሁን እንጂ ፈልፋዮቹ የግንበኞቹን ትምህርት አልጣሉትም። የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ የሚመለከት ሰው፣ በወግረ ስሒን እንጨቱና ድንጋዩ በየረድፉ እንደሚወጣና እንደሚገባ ሁሉ፣ አንድ ወጥ የሆነው አለትም በዚያው መልክ ወጣ ገባ ተደርጎ እንደ ተጠረበ ያያል። የአክሱም ግንበኞች ለማሰር ያስገቧቸው የእንጨት ጫፎች እንኳ በበሩና በመስኮቱ ማዕዘን በድንጋይ ተመስለው ይታያሉ። አለቱ ማሰሪያ የማያስፈልገው ሆኖ ሳለ ይህ መደረጉ፣ ስልት ተለውጦም የሙያ ትዝታ እንደማይለወጥ ያሳያል።

የሁለቱ ስልቶች ዋጋ በጊዜ ብዛት ተለይቶ ታየ። ፍልፍሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከምድር ወለል በታች በተቆፈረ ግቢ ውስጥ የቆሙ ስለ ሆነ፣ የክረምቱ ውሃ እንዳይተኛባቸው የመፍሰሻ ቦይ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ቀደምቶቹም ቦዩን ከአለቱ ጋር አብረው ቆፍረውታል። ጣራቸው ግን ለዝናብና ለፀሐይ የተጋለጠ በመሆኑ በየዘመኑ መሰንጠቅና መሸርሸር ደረሰባቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በኢጣሊያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት የጥገና ሥራ ተካሄደ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለጊዜው የታሰቡ ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉላቸው። መጠለያዎቹ ዝናቡን ቢከለክሉም፣ ክብደታቸውና ነፋስ ሲመታቸው የሚያደርሱት ንቅናቄ ለአብያተ ክርስቲያናቱ አስጊ ነው የሚል ስጋት በአገሩ ሕዝብ ዘንድ ተነሣ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም ነዋሪው ሰልፍ ወጥቶ አቤቱታውን አሰማ። በይምርሐነ ክርስቶስ የመጠለያ ጥያቄ ሊነሣ የማይችለው መጠለያው ከመሠረቱ በቦታ ምርጫ ስለ ተሰጠ ነው።

ከዚህ ውስጥ ለጉዳያችን ሁለት ነገር እናወጣለን። ቀላል የመሰለ ቦታ ዋጋውን ቆይቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከባድ የመሰለ ቦታም በውስጡ የተሰወረ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው፣ ባለሙያ ከሩቅ መጥቶ ሥራውን ፈጽሞ ሲሄድ፣ ሥራውን የሚጠብቀው በስፍራው የሚኖር ባለሙያ ከሌለ ጥሩ ሥራ እንኳ ጥያቄ ያስነሣል።

ደብዳቤው የመጣበት ዘመን

ከጥንቱ ግንበኛ ወደ ዘመናዊው ደመወዝተኛ መሐንዲስ ስንሻገር፣ የሥራ ቦታ ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተጀመረው የምድር ባቡር ሥራ መሐንዲሶቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ድሬዳዋን የመሰለ ከተማ በመንገዱ ላይ ወልዷል። የሥራ ቦታ ሰውን እንደሚስብና ከተማ እንደሚቆረቁር አገሩ ከዚህ ተማረ። ሐዲዱ ያላለፈባቸው ደጋዎች ግን በቅሎንና አህያን ይዘው ቀሩ።

ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በብዛት መታየት የጀመሩት ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተከተለ። ሥራውም እንዲሁ ከዋና ከተማው ውጭ መዘርጋት ጀምሮ ነበር። በአዋሽ ላይ የቆቃ ኀይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም.፣ በዓባይ ላይ የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፣ የፊንጫ ማመንጫም በ1965 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ዲፕሎማውን ለተቀበለ መሐንዲስ ሥራ ራሱ ፈልጎት ይመጣ ነበር። የተማረው ሰው ጥቂት፣ የሚሠራው ሥራ ብዙ ስለ ነበረ፣ ሁለት ሦስት መሥሪያ ቤቶች ለአንድ ተመራቂ የሚሻሙበት ጊዜ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ሚዛኑ ወደ ዋና ከተማው ያጋደለ ነበር። የመሥሪያ ቤቶቹ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ የንድፍ ክፍሉ፣ የላቦራቶሪው፣ የልጆች ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ነበርና። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች እንዲያገለግሉ የወጣው ደንብ ይህን ዝንባሌ ለማረቅ የታሰበ ነበር። ብዙ ወጣቶች አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚህ አገልግሎት ነው።

ላስታ በዚያን ጊዜ በክረምት ከሌላው አገር የሚያገናኘው ጥሩ መንገድ አልነበረውም። ጎብኚዎች በበጋ በትንሽ አውሮፕላን ይመጡ፣ በክረምት ይቋረጡ ነበር። ዓለም የሚያውቃቸው አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት አገር ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ ቀናት ይጓዝ ነበር።

የምደባው ዘመን

የ1966ቱ አብዮት ምርጫውን ከተመራቂው እጅ ወሰደው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ገጠር ተላኩ። ከዚያም ምሩቃንን በየመሥሪያ ቤቱና በየክፍለ ሀገሩ የሚመድበው መንግሥት ሆነ። ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በሶቪየት ኅብረት የከፍተኛ ትምህርት ተመራቂ በተመደበበት ስፍራ ሦስት ዓመት እንዲሠራ ሕግ ያስገድደው ነበር፤ በዚህም መንገድ መሐንዲሶች ወደ ሳይቤርያና ወደ መካከለኛው እስያ ይላኩ ነበር።

ስለ ምደባ በትክክል ለመፍረድ ሁለቱንም ጎን ማየት ይገባል። በራሱ ፈቃድ ማንም የማይሄድበት አውራጃ በምደባ ባለሙያ አግኝቷል። ከዚህም ሌላ በዚያን ዘመን በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራው የወልድያ–ወረታ መንገድ ወሎን ከበጌምድር ጋር በደጋው በኩል አገናኘ፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው 64 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም ላስታን ከዋናው መስመር ጋር ለማያያዝ መነሻ አገኘ። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ራብ ጊዜና ከዚያም በኋላ በወሎ ተራሮች ላይ ለሥራ እህል በሚሰጥ መርሐ ግብር እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቷል። በሌላው ጎን ደግሞ ያለ ፈቃዱ የተላከ ሰው ልቡ ከሥራው ጋር አይሆንም። የተመደበው መሐንዲስ ቀኑን ቆጥሮ ዝውውር የሚጠይቅ፣ ዕድል ሲያገኝም አገሩን ጥሎ የሚሄድ ሆነ። የእርከኑም ነገር እንዲሁ ነው፤ ገበሬው የኔ ነው ባላለው ስፍራ የተሠራው እርከን ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ወዲህ በብዙ ስፍራ ፈርሷል። ትእዛዝ ሥራን ያስጀምራል፤ ሥራውን የሚያቆየው ግን ፈቃድ ነው።

ሁለት ደብዳቤ በአንድ ወንዝ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምርጫው ወደ ባለሙያው ተመለሰ። ክልሎች የየራሳቸውን የመንገድና የውሃ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ የግል አማካሪና ተቋራጭ ድርጅቶች ተስፋፉ። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ልማት መርሐ ግብር ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው የአገሪቱ መንገድ፣ የወረዳና የቀበሌ መንገዶች ተጨምረውበት በ2008 ዓ.ም. ከ113,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ይህን ያህል መንገድ የሚሠራው ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ነው።

በዚህ ዘመን አንድ መሐንዲስ ሊገጥመው የሚችለውን ምርጫ በምሳሌ ለማየት ወደ ተከዜ እንመለስ። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፣ ጥልቅ ሸለቆ እየቆፈረ ወደ ሰሜን፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ የሚፈስስ ወንዝ ነው። በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል በዚሁ ሸለቆ ላይ የተሠራው ቅስት የኮንክሪት ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ሲሆን፣ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የውሃ ምህንድስና የተማረ ወጣት አንዱን ደብዳቤ ከእንዲህ ያለው ግድብ፣ ሌላውን ደግሞ ከወንዙ ራስ፣ ከላስታ ደጋ ወረዳ ተቀበለ እንበል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ይሰጣል። ደመወዙ የተሻለ ነው፤ የበረሃ አበል አለው። ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር መሥራት፣ ትልልቅ መኪናዎችን፣ የኮንክሪት ሙቀት መቆጣጠሪያን፣ የዋሻ ቁፋሮን ማየት ያስችላል። በወጣትነት ሕይወት ታሪክ ላይ የሚጻፍ ስም ነው። በአንጻሩ ሙቀቱ ከባድ፣ ቤተሰብ ሩቅ፣ ሥራውም ሲያልቅ የሚበተን ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ትንሽ ደመወዝ ይዟል። ሥራው የምንጭ ማጎልበት፣ ትንሽ የመስኖ ጠለፋ፣ የእርከንና የገጠር መንገድ ነው። ከአንድ መሐንዲስ በላይ በማይኖርበት ጽሕፈት ቤት የሚያማክር የለም። ነገር ግን የ27 ዓመት ሰው ራሱ አጥንቶ፣ ራሱ ነድፎ፣ ራሱ አሠርቶ ውሃው ሲወጣ ያያል፤ ትልቁ ግድብ ላይ ቢሆን ግን ከብዙ ሥዕል አንዱን ሥዕል ብቻ ይዞ ይውል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ማንም ሊመዝነው የሚችለው ነው። ወንዙ ግን ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ከላስታና ከአጎራባቹ ደጋ በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር መድረሻው ታች ያለው ግድብ ነው። የቆቃ ማጠራቀሚያ ከላይ ከሚመጣ ደለል የተነሣ ብዙ የመያዝ ዐቅሙን እንዳጣ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይና በአማራ ክልሎች ልዩ ኮሚሽን ተቋቁሞላቸው የተሠሩት ትንንሽ ግድቦችም ከዕቅዱ ጥቂቱን ብቻ ሲሆኑ፣ ከተሠሩትም ውስጥ አንዳንዶቹ ሳይታሰብ በደለል ሞልተዋል፤ አንዳንዶቹም ውሃ አሳልፈዋል። እንግዲህ በግድቡ የሚሠራው መሐንዲስ የሥራው ዕድሜ የሚወሰነው ሌላውን ደብዳቤ በተቀበለው ወይም ባልተቀበለው ባልደረባው ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎች ከሁለት አካባቢ ቢመጡም ሥራው የአንድ ወንዝ ሥራ ነው።

ይህ ሲባል ግን ወደ ትልቁ ፕሮጀክት የሚሄደው ሊነቀፍ አይገባም። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በግልገል ጊቤ ፕሮጀክቶች ከሠሩ በኋላ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጉባ በረሃ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ አገልግለዋል። የእርሳቸውም ምርጫ ከቤተሰብ መራቅንና ከባድ ኀላፊነትን የያዘ ነበር። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ አገሩ ለግድቡ የሰጠውን ክብርና አበል ለወንዙ ራስ ሳይሰጥ መቅረቱ ነው።

የሚዛኑ ድንጋዮች

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን፣ ሁለት ደብዳቤ ይዞ ለሚያመነታ ባልደረባ የሚጠቅሙ ጥያቄዎችን እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ከማን ይማራል? በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ስሕተቱን የሚያርምለት አዛውንት ባለሙያ የሌለው መሐንዲስ ስሕተቱን ልምድ ብሎ ይጠራዋል። ወረዳውን የሚመርጥ ሰው በዞን ወይም በክልል ሥዕሉን የሚያይለት ሰው መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ስፍራው ምን ይሰጣል፣ ምንስ ይከለክላል? የወግረ ስሒን ግንበኞች ዋሻውን ጣራ አድርገው እንደ ተጠቀሙበት፣ የደጋ አገር ድንጋይ፣ ጥሩ ጠራቢና ውሃ ሊሰጥ ይችላል፤ ሲሚንቶና ብረት ግን በክረምት ላይደርስ ይችላል። ከከተማ የመጣውን ንድፍ እንዳለ የሚተክል ሰው በሁለቱም ይከስራል።

ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ማን ይጠብቀዋል? ጠባቂ የሌለው ሥራ ትልቅም ሆነ ትንሽ ዕድሜው አጭር ነው።

አራተኛ፣ የቤተሰቡ ኑሮ እንዴት ይሆናል? ይህን ጥያቄ ከሙያ ውጭ ነው ብሎ መናቅ ትክክል አይደለም። የትዳር ጓደኛ ሥራ፣ የልጅ ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ርቀት መሐንዲሱን ከስፍራው የሚያቆዩት ወይም የሚያስለቅቁት ናቸው። ብዙ ወረዳዎች ባለሙያ ያጡት በደመወዝ ማነስ ብቻ ሳይሆን በመኖሪያ ቤት እጦት ጭምር ነው።

አምስተኛ፣ ሰላም አለ ወይ? በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ፣ ከተማው ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆይቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም ብዙ ሥራ ተስተጓጉሏል። ሕይወቱን ለአደጋ ያላጋለጠ ሰው ፈሪ አይባልም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በስፍራው የቀሩትን፣ የተቆረጠ መስመር የሚቀጥሉትንና የተበላሸ ፓምፕ የሚጠግኑትን ባልደረቦች ግን ሙያው ሊያስባቸው ይገባል።

ደመወዝ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣው ዋጋ ስለሌለው አይደለም። ለአምስቱ ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ የደመወዙ ቁጥር ብቻውን ስንት እንደሚያወጣ ስለማይታወቅ ነው።

በመጨረሻም የዘመኑ ሁኔታ መታሰብ አለበት። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 ከመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስክ እንዲሠለጥኑ በመወሰኑ የመሐንዲሱ ቁጥር እጅግ በዝቷል። ዛሬ ሁለት ደብዳቤ የሚደርሰው ተመራቂ ዕድለኛ ነው፤ አንድም ሳይደርሰው ዓመታት የሚያልፉበት ብዙ ነው። ከባለሙያ እጥረት የተነሣ ደጋው መሐንዲስ ያጣበት ዘመን አልፎ፣ ባለሙያው ሥራ አጥቶ ደጋውም ባለሙያ አጥቶ የሚተያዩበት ዘመን መጥቷል። ይህን ክፍተት ትእዛዝ ብቻውን እንደማይዘጋው የምደባው ዘመን አሳይቷል። ነጻ ምርጫም ብቻውን አልዘጋውም።

ለሙያ ማኅበራት የሚቀረው ሥራ ግን ግልጽ ነው። በየክልሉና በየወረዳው የሠሩ አባላት የስፍራውን ነገር ሁሉ ቢያስመዘግቡ፣ ይኸውም ድንጋዩና አሸዋው ከየት እንደሚገኝ፣ መንገዱ በየትኞቹ ወራት እንደሚዘጋ፣ የመኖሪያ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ነገር እንዴት እንደ ሆነ፣ የትኛው ሥራ ቆሞ የትኛው እንደ ፈረሰና ምክንያቱን ቢጽፉ፣ አዲሱ ተመራቂ ደብዳቤውን ከወሬ ይልቅ በዕውቀት ይመዝነው ነበር። የግድብ ቦታ ያለ ጥናት አይመረጥም። የግድቡን ሠሪ የዕድሜ ልክ ሥራ የሚወስነው ምርጫም ቢያንስ ያን ያህል ጥናት ይገባዋል።